የላፕቶፕን የውስጥ ክፍሎች ማውጣትና መተካት፦ ከመፈታቱ በፊትና በኋላ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ላፕቶፕ ኮምፒውተር የቢሮ ሠራተኞች ብቻ መገልገያ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባላትን ድርሻና የእህል ግብይት ይመዘግቡበታል። በየከተማው ያሉ የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች ቤተሰብ ያስተዳድሩበታል። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ አርሶ አደርም ከሰብሉ ሽያጭ ቀንሶ ይገዛዋል። መሣሪያው ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ሲንቀራፈፍ፣ ሲግል ወይም መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ሲጠፋ ባለቤቱ አዲስ ከመግዛትና ከማስጠገን አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንድን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ሥራው ጥንቃቄ ከታከለበት አስቸጋሪ አይደለም። በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ማዘርቦርድን ያቃጥላል፣ የዓመታት መረጃን ያጠፋል፣ ባትሪ ሲወጋም እሳት ያስነሣል። በዚህ ጽሑፍ የትኛው ክፍል ሊተካ እንደሚችል፣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወንና የት ላይ ቆሞ ባለሙያ መጥራት እንደሚገባ ተብራርቷል።

ችግሩ የየትኛው ክፍል ነው?

ዕቃ ከመግዛት በፊት የሕመሙን ምንጭ መለየት ይቀድማል። ኮምፒውተሩ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ፋይል ሲከፈትም የሚንገታገት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ሲሠራበት ደህና ሆኖ ብዙ ገጾች ሲከፈቱ የሚደነዝዝ ከሆነ ራም አንሶታል ማለት ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫን በሚከፈተው ታስክ ማናጀር የዲስክና የራም አጠቃቀም በመቶኛ ተለክቶ ይታያል። በሥራ ወቅት ያለማቋረጥ ወደ 100 በመቶ የሚጠጋው ክፍል ተጠርጣሪው ነው።

ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያውኑ የሚጠፋ ላፕቶፕ ባትሪው አልቋል። ማራገቢያው እየጮኸ፣ የታችኛው ክዳን እጅ የማያስነካ ያህል እየጋለ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የአየር መውጫው በአቧራ ተደፍኗል፤ አለበለዚያም የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ ደርቋል። በተነሣ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን የሚረሳ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ባለ 3 ቮልት የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ብቻ ነው። ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ የጠቆረ ላፕቶፕ በገመድ ከቴሌቪዥን ወይም ከሌላ ሞኒተር ጋር ይገናኝ። እዚያ ላይ ምስል ከታየ ችግሩ ያለው በስክሪኑ ወይም በስክሪኑ ገመድ ላይ ነው።

ከሃርድ ዲስክ ውስጥ ተደጋጋሚ የጠቅታ ድምፅ ከተሰማ ዲስኩ ሊሞት መቃረቡን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ ያስፈልጋል። መሣሪያውን ደጋግሞ ማጥፋትና ማስነሣት ጉዳቱን ያባብሳል።

የሚለወጥና የማይለወጥ

ሁሉም ላፕቶፕ እኩል አይፈታም። ለማሳያ ያህል ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ ያቀረበው ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያዎች፣ የሚለወጥ ዲስክና ሁለት ባትሪዎች አሉት። ከባትሪዎቹ አንዱ ከውጭ ያለ ካቻቪት የሚነቀል ሲሆን ሌላው ከክዳኑ ሥር ይገኛል። በዚያው ዓመት የወጣው ቀጭኑ ወንድሙ ቲ480ኤስ ግን የራሙ ከፊል በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ለለውጥ የተተወለት አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው። ኤም በሚባሉት የአፕል ፕሮሰሰሮች የተሠሩ ማክቡኮች ደግሞ ራማቸውም ሆነ ማከማቻቸው ከቦርዱ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ በተጠቃሚ ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከዋጋውና ከመልኩ ባሻገር ራሙና ዲስኩ የሚለወጡ መሆን አለመሆናቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅመዋል። የሞዴሉ ትክክለኛ ስምና ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል። አብዛኞቹ ታዋቂ አምራቾች ለየሞዴሉ የአፈታት መመሪያ በድረ ገጻቸው ላይ ያለ ክፍያ ያስቀምጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብም ከየካቲት 2027 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ባትሪያቸው በተጠቃሚው ሊነቀል የሚችል እንዲሆን ያስገድዳል።

ሌላው አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው የመሣሪያው ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠሩትን ብቻ ይቀበላል። ከዚያ በታች ለሆነ ኮምፒውተር ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እንደ ኡቡንቱ ያሉ ነፃ ሥርዓቶችን ለመጠቀም ፈቃደኛ መሆንን ማመዛዘን ይገባል።

ከመፈታቱ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ መረጃን መገልበጥ ነው። የማኅበሩ መዝገብ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለበት። ክፍል ሲለወጥ ቢትሎከር በተባለ ቁልፍ የታሸገ ዲስክ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። አስቀድሞ ካልተጻፈና ከጠፋ መረጃውን የሚመልስ ባለሙያ አይገኝም።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ባለ መስቀል ጫፍ ትንሽ ካቻቪት፣ ክዳን ማላቀቂያ ስስ ፕላስቲክ፣ ብሎን ማስቀመጫ ሳህንና በቂ ብርሃን ይበቃሉ። ለማላቀቂያነት አገልግሎቱ ያበቃ የባንክ ካርድም ይሆናል። ቢላዋና የብረት ማላቀቂያ ግን ክዳኑን ይሸርፋሉ፣ ገመድም ይበጥሳሉ። ማክቡክን ለመፍታት ባለ አምስት ቅጠል ጫፍ ያለው ልዩ ካቻቪት ያስፈልጋል።

ስታቲክ ኤሌክትሪክም ሌላው ጠላት ነው። በደረቅ የበጋ አየር የሱፍ ሹራብ ሲወልቅ ጠቅ የሚለው ብልጭታ ለሰው ምንም አይደለም፤ ለራምና ለማዘርቦርድ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ሥራው ምንጣፍና ብርድ ልብስ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ይከናወን። ባለሙያዎች ከመሬት ጋር የተገናኘ የእጅ ማሰሪያ ያስራሉ። ማሰሪያው በሌለበት ጊዜ ክፍሎቹን ከመንካት በፊትና በየመሐሉ ቀለም ያልተቀባና ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት መንካት ይረዳል። ራምና ኤስኤስዲ የሚያዙት በጠርዛቸው ነው፤ ወርቃማው ጥርስ በጣት አይነካም።

አከፋፈት

ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። እንቅልፍ ላይ ማስቀመጥ በቂ አይደለም። ከዚያም ቻርጀሩ፣ ፍላሹና የማስታወሻ ካርዱ ይነቀላሉ። ባትሪው ከውጭ የሚነቀል ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። ቲ480ን በመሰሉ ቲንክፓዶች ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ1 ቁልፍ ተጭኖ በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ውስጥ የውስጥ ባትሪውን የሚያሰናክል ምርጫ አለ። ይህን መፈጸም ክዳኑ ሲነሣ በቦርዱ ላይ ኃይል እንዳይኖር ያደርጋል።

የታችኛው ክዳን ብሎኖች ቁመት ብዙ ጊዜ ይለያያል። ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ ሲታሰር ማዘርቦርዱን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የላፕቶፑን ጀርባ በወረቀት ላይ ነድፎ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው በማስቀመጥ ስህተትን ማስቀረት ይቻላል። በአንዳንድ ሞዴሎች ብሎኖች ከጎማ እግሮች ሥር ይደበቃሉ። ክዳኑ ብሎኑ ወጥቶም እምቢ ካለ በኃይል አይጎተትም፤ የቀረ ብሎን መኖሩ ይፈተሽ። ከዚያ ፕላስቲኩ በጠርዙ ዙሪያ በዝግታ ሲዞር መንጠቆዎቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ። ክዳኑ እንደተነሣ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ሶኬት ከቦርዱ ይነቀላል። ይህ ቅደም ተከተል በምንም ምክንያት አይዘለልም።

ራም

ራም ከትውልድ ትውልድ አይቀያየርም። ዲዲአር3 የሚባለው የላፕቶፕ ራም 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 ደግሞ 262 ጥርሶች አሉት። የሚሠሩበት ቮልቴጅም በቅደም ተከተል 1.5፣ 1.2 እና 1.1 ነው። ዲዲአር3ኤል የተባለው ዓይነት በ1.35 ቮልት ስለሚሠራ ለእሱ ብቻ በተዘጋጀ ላፕቶፕ ላይ መደበኛውን ዲዲአር3 መክተት አይገባም። ከመግዛት በፊት የነባሩን ራም ጽሑፍ ፎቶ ማንሣት ወይም ራሱን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ የተሻለ ዋስትና ነው።

ለማውጣት በሁለቱ ጎን ያሉ መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ሲደረጉ ራሙ በራሱ ቀና ይላል፤ ከዚያ በተጋደመበት አቅጣጫ ይሳባል። አዲሱ ሲገባ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከማስገቢያው ጉብታ ጋር መግጠም አለበት። አጋድሞ እስከ መጨረሻው ከገፉ በኋላ መያዣዎቹ ጠቅ እስኪሉ ወደ ታች መጫን ይገባል። ሁለት እኩል መጠን ያላቸው ራሞች ጎን ለጎን ሲሠሩ ከአንድ የተሻለ ፍጥነት ይሰጣሉ። ራም ከተለወጠ በኋላ የመጀመሪያው አነሣሥ ሊዘገይና ስክሪኑም ለጥቂት ጊዜ ሊጠቁር ይችላል፤ ተቻኩሎ ማጥፋት አያስፈልግም። ስክሪኑ ጨርሶ ካልበራ ብዙውን ጊዜ ራሙ በደንብ አልገባም ማለት ስለሆነ ኃይሉ ተቋርጦ እንደገና ይከተት።

ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት

ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው። የሚሽከረከር የላፕቶፕ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ ሳታ በሚባለው መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያነባል። ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ አካል ስለሌለው በመንገድ ንቅናቄም በቀላሉ አይጎዳም። በገጠር መንገድ ለሚመላለስ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ኤስኤስዲ በቅርጹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ቀድሞው ዲስክ 2.5 ኢንች ስፋት ያለው ሲሆን ሌላው ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ሰሌዳ ነው። ከኤም.2 ዓይነቶች የተለመደው 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ ኤም.2 የቅርጹ ስም እንጂ የአሠራሩ ስም አይደለም። በአንድ ማስገቢያ የሚገጥሙ ሁለት ሰሌዳዎች አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ሊሠሩ ስለሚችሉ ላፕቶፑ የትኛውን እንደሚቀበል መመሪያው ላይ መታየት አለበት።

አሮጌው 2.5 ኢንች ዲስክ ከያዙት ብሎኖችና ከብረት ወይም ከጎማ ማቀፊያው ተላቆ ይወጣል፤ አዲሱም በዚያው ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። የኤም.2 ሰሌዳ ግን 30 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ከተከተተ በኋላ ወደ ታች ተጭኖ በአንድ ትንሽ ብሎን ይታሰራል።

ሥርዓቱን ወደ አዲሱ ለማዛወር ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ ገመድ ኤስኤስዲውን ከውጭ አገናኝቶ ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስን ከፍላሽ እንደ አዲስ ጭኖ ፋይሎችን ብቻ መመለስ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ቫይረስ ከነበረበት ሁለተኛው ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ አዲሱ ዲስክ ለሳምንታት በሚገባ መሥራቱ እስኪረጋገጥ አሮጌው ሳይሰረዝ ይቀመጥ።

ባትሪ

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባትሪ ከምቾት ያለፈ ጥቅም አለው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር በድንገት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል።

አዲስ ባትሪ ሲገዛ በነባሩ ላይ የተጻፈው የዕቃ ቁጥር፣ ቮልቴጅና የሶኬቱ ቅርጽ መመሳሰል አለባቸው። አቅሙ በዋት ሰዓት ይለካል፤ አምራቹ ለሞዴሉ ከፈቀዳቸው ባትሪዎች መካከል ቁጥሩ ከፍ ያለው ረዘም ላለ ጊዜ ያሠራል። ሶኬቱ ሲነቀል ሽቦው ሳይሆን የፕላስቲክ አካሉ ይያዝ።

የላፕቶፑ ክዳን አልገጥም ካለ፣ የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ካበጠ ወይም አካሉ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ባትሪው ሳያብጥ አይቀርም። እንዲህ ያለው ባትሪ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ያበጠውን ለማስተንፈስ መውጋት፣ ማጠፍ ወይም በብረት መፈልቀቅ ውስጡን አገናኝቶ ወዲያውኑ እሳት ያስነሣል፤ ጢሱም መርዛማ ነው። ያበጠና በማጣበቂያ የተያያዘ ባትሪ የባለሙያ ሥራ ነው። እስከዚያው ከልጆች፣ ከድርቆሽና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ።

ማራገቢያና ሙቀት

አቧራ የላፕቶፕ ዋነኛ ሕመም ነው። ማራገቢያው በለስላሳ ብሩሽ ወይም በታመቀ አየር ይጸዳል፤ አየር ሲነፋበት ክንፎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ይያዙ። የማቀዝቀዣው ብረት ከፕሮሰሰሩ ላይ ከተነሣ የቀድሞው ቅባት ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ አዲስ መቀባት አለበት። ለመጥረግ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ተስማሚ ነው። ቤንዚንና ናፍታ ለዚህ ሥራ አይውሉም። የአዲሱ ቅባት መጠን ከአንዲት የሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በማቀዝቀዣው ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ ቁጥር ከተጻፈ ሲታሰር በቁጥሩ ተራ፣ ሲፈታ በተቃራኒው ይሄዳል። ላፕቶፕን በአልጋና በጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር ማስገቢያውን ስለሚደፍን የጽዳቱን ጥቅም ያሳጣል።

ኪቦርድና ስክሪን

በቲ480 ላይ ኪቦርዱ ከታች ሁለት ብሎኖች ተፈትተውለት ከላይ ተንሸራቶ ይወጣል። በሌሎች ሞዴሎች ግን ከላይኛው አካል ጋር በብዙ ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች የተጣበቀ ስለሆነ ሥራው ረጅም ነው። ኪቦርዱን ከቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ በትንሽ መዝጊያ ይያዛል። መዝጊያው በጥፍር ቀና ሳይደረግ ገመዱ ከተሳበ ይሰነጠቃል። ስክሪን ሲለወጥ ስፋቱ፣ የምስል ጥራቱና የሶኬቱ የጥርስ ብዛት ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት፤ የሶኬቱ ጥርሶች 30 ወይም 40 መሆናቸው የተለመደ ነው።

መዝጋትና መፈተሽ

ባትሪው ከሁሉ በኋላ ይገናኛል። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት የተረፈ ብሎን ወይም የተቆነጠጠ ገመድ አለመኖሩ ይታያል። ባትሪው በባዮስ ተሰናክሎ ከነበረ ላፕቶፑ እንዲነሣ ቻርጀሩ መሰካት አለበት። ከዚያ የራሙ መጠን፣ የዲስኩ አቅም፣ የባትሪው መሙላት፣ ዋይፋዩና እያንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ ይፈተሻሉ። ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ ኤስኤስዲና ፍላሽ አቅሙን አጋንኖ የሚያሳይ ሐሰተኛ ዕቃ ሊሆን ይችላል። እውነቱ የሚለየው በትልልቅ ፋይሎች ሞልቶ መልሶ በመክፈት ነው፤ ፍተሻው የሻጩ ዋስትና ሳያልቅ ይደረግ።

ለባለሙያ የሚተው ሥራ

ብየዳ የሚፈልግ የቻርጀር ማስገቢያ፣ የተቃጠለ ማዘርቦርድና ያበጠ ባትሪ ቤት ውስጥ አይሞከሩም። ውኃ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ ወዲያውኑ ከኃይል ተነቅሎ፣ ሳይበራ ለባለሙያ ይሰጥ። ሩዝ ውስጥ መቅበር በቦርዱ ላይ የሚቀረውን ስኳርና ጨው አያስወግድም።

ላፕቶፑ ለጥገና ሲሰጥ የመለያ ቁጥሩ፣ የራሙና የዲስኩ መጠን በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። የሚለወጠው አሮጌ ክፍል እንዲመለስ መጠየቅም የባለቤቱ መብት ነው። ጥገናው ዲስኩን የማይመለከት ከሆነ ዲስኩን አውጥቶ መስጠት የግል መረጃን ይጠብቃል።

አሮጌው ክፍል የት ይግባ?

ፋይሉ የተሰረዘ ዲስክ መረጃው ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ቀላል በሆኑ ፕሮግራሞች ሊመለስ ይችላል። የማኅበር ሒሳብ ወይም የባንክ መረጃ የነበረበት ዲስክ ሙሉ በሙሉ በላዩ ሳይጻፍበት ለሌላ ሰው መተላለፍ የለበትም። የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ግን በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። አሮጌ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠልም፤ ከእርሻና ከምንጭ አጠገብም አይቀበርም። ሁለቱ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ደረቅ ቦታ ተቀምጦ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ አካላት ቢሰጥ አፈርና ውኃ ከብክለት ይጠበቃሉ።